አበባው ሳይታይ የተጻፈ ታፔላ

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ልጅ ሆኜ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ጎርፍ ሲያመጣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ድልድዩ ላይ ተሰልፈው ሲያዩ እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። ባል ያገባሁት ብቻዬን መቅረትን ፈርቼ ነው፤ የፈታሁትም እሱኑ ፈርቼ። ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባቴ «ፈሪ ለእናቱ» እያለ ሲያሾፍብኝ እናቴ ደግሞ «ታዲያ ምን አለበት፣ ለእኔ ትቅርልኝ» ትለው ነበር። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሥፍራ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኜ ስቀጠር ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ዛፍ አይቆጣም፣ አያባርርም፣ አይከስም። ከዛፍ ምን ይመጣል አልኩ። በሕይወቴ ከሁሉ የበለጠ የፈራሁበት ቀን ግን የመጣው ከዛፍ ነው።

ስቀጠር ቦታው ሥፍራ የሚያሰኘው ነገር አልነበረውም። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ዝናብ ሲጥል ወደ ደቻቱ በሚወርደው ደረቅ ጅረት ዳር፣ ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱ አሮጌ የብርቱካንና እኛ ዘይቱን የምንለው የጓቫ ማሳ ነው። ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹን ፍየል በልቶታል። አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም «መምህር» ብቻ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው በመጨረሻ አጥር አሳጠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲውን ፒክአፕ ይለምኑና ከአትክልተኛችን ጋር ከከተማው ወጣ ወዳለው ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ይሄዳሉ። አትክልተኛው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም የአፉ ነው። እዚያ ከሽማግሌዎቹና ከአሮጊቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ይህ ምን ይባላል? ለምን ይሆናል? ፍየል ይበላዋል?» እያሉ ሲጠይቁ ይውላሉ። ሰዎቹ ይስቁባቸው ነበር አሉ። «ይህን ሁሉ ተምረህ ቅጠል አታውቅም?» ይሏቸዋል። ማታ ሲመለሱ ፒክአፑ በወተት ጣሳና በተቀደደ ጀሪካን በተተከሉ ችግኞች ተሞልቶ ይመጣል።

እያንዳንዱ ችግኝ የቆርቆሮ ታፔላ ይሠራለታል። ታፔላው ላይ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና የላቲኑ ስም ይጻፋል። ችግኙን የሰጡት ሰዎች ከተማ ሲመጡ ጎራ ብለው «የእኔ ዛፍ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ታፔላውን አስነብበው ካልተስማሙ ይከራከራሉ። አንዲት አሮጊት «በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ አያውቅም» ብለው መሬት ረግጠው ቆሙና መምህር ራሳቸው በጉጠት ሚስማሩን ነቅለው እንደገና ጻፉት። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩና ለመምህር አፈርኩላቸው። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

መምህር አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ «አበባ ሳታዩ ስም አትስጡ» ይሉናል። ቅጠል ይዋሻል፣ አበባ ግን አይዋሽም ነው ነገሩ። አንድ ተክል አበባ እስኪያወጣ ዓመትም ይፍጅ ሁለት ዓመት ይጠበቃል፤ እስከዚያ ታፔላው ላይ የሚጻፈው «ገና» የሚል አንድ ቃል ነው። ሥፍራው በገና የተሞላ ነበር። ጎብኚ ይስቃል፣ ኃላፊዎች ይቆጣሉ፣ መምህር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

መምህር ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሥፍራው መልኩን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጥ ጀመር። አንድ ሰሞን ለተከላ ዘመቻ ችግኝ የምናፈላ ጣቢያ ሆንን። ቀጥሎ ተመራቂዎች ጋዋን ለብሰው ፎቶ የሚነሱበት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሙሽሮች ቬሎ እየጎተቱ ችግኝ የሚረግጡበት ሆነ። በአንዷ ሙሽራ ላይ ጮኼ ሚዜዎቿ ሊደበድቡኝ ነበር፤ ዕቃ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። በመጨረሻ ደግሞ ማንም ሳያዘው ሥፍራው የመድኃኒት ቤት ሆነ። ሰው መሬቱን እያረሰ፣ ዛፉን እያከሰለ፣ በዙሪያችን ያለው ተራራ ራቁቱን ቀርቷል፤ ድሮ ከቢዮ አዋሌ ጓሮ የመጣው ተክል አሁን ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። እና እኛ ስንጠይቃቸው የነበሩት ሰዎችና ልጆቻቸው ተመልሰው እኛን መጠየቅ ጀመሩ። «ለሆድ የሚሆነው የቱ ነው? ለሳል የሚሆነውስ?» ይሉኛል። ቆርጦ መስጠት ክልክል ነው፤ ክልክል መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ የኖርኩ ሰው «አንቺ ታውቂያለሽ» ስባል ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በጅረቱ ወርዶ የታችኛውን መደብ ጠራርጎ ወሰደው። አጥሩ ሄደ፣ ታፔላዎቹ ሄዱ፣ ቁጥቋጦዎቹ ግማሾቹ አሸዋ ውስጥ ተቀበሩ። ወራት ካለፉ በኋላ ከሥር ያቆጠቆጡ ሦስት ግንዶች ቀሩ፤ ቅጠላቸው አምሯል፣ አበባ ግን የለም። ልክ በዚያን ጊዜ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ መጣ። እንግዶች ግቢውን ሊጎበኙ ነው፤ በሥርዓቱ ያልተሰየመና «አገልግሎት የማይሰጥ» መደብ ካለ ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣል ይላል። አትክልተኛው ወንድሙ ሞቶበት ቢዮ አዋሌ ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ደውዬ ስለ ቅጠል ልጠይቅ? አፈርኩ።

እንደ ደንቡ ቢሆን ሦስቱም ላይ «ገና» መጻፍ ነበረብኝ። ግን «ገና» መደቡን ለመኪና ማቆሚያ ከሚፈልጉት ሰዎች ጋር አያስታርቅም። ስለዚህ ታፔላ ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ፣ ስም ሰጠኋቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዛሬም አውቃቸዋለሁ፤ ልክ ነበርኩ። ሦስተኛው ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚበቅል ነው። እዚያ አካባቢ አንድ ዶቅማ የሚባል ዛፍ እንደነበረን አስታወስኩና «ዶቅማ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ በኦሮምኛው «በዴሳ»፣ ከዚያ በሶማልኛው፣ ከዚያ በላቲኑ አሳምሬ ደረደርኩ። ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አነበቡ፣ አመሰገኑ። መደቡ ተረፈ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ከከተማው ዳር፣ ከመልካ ጀብዱ አንዲት ሴት መጣች። ስልሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ቢጫ ድሪያ የለበሰች፣ አረንጓዴ የላስቲክ ዘንቢል የያዘች ናት። ሶማልኛና አማርኛ እየቀላቀለች ችግሯን ነገረችኝ። ባሏ አምስት ቀን ሙሉ ሆዱን እያስቀመጠው ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን አስመልሶታል። የኦሮሞ ጎረቤቷ «የበዴሳ ቅጠል አፍልተሽ ስጪው» ብላታለች፤ እሷ ግን በዴሳን አታውቀውም፣ ጎረቤቷም ስሙን እንጂ ዛፉን አታውቅም፤ በእነሱ በኩል አይበቅልም። «ዩኒቨርሲቲው አለው ብለውኝ ነው» አለች።

ወስጄ አሳየኋት። በመግረዣ መቀሱ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። መቀሱ ላይ ነጭ ወተት ነበር፤ ጠዋት የአጥሩን ቅንጭብ ስከረክም ስለነበር የእሱ ነው ብዬ በቀሚሴ ጠረግኩት። ሴትዮዋ ቅጠሉን ተቀበለችኝ፣ አገላብጣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ኢዶ፣ ተጽፏል እኮ» አልኳት፤ ድሬ ላይ ትልቅ ሴት በአክብሮት ኢዶ ነው የምትባለው። ፀሐዩ በርትቶብኝ ነበር፤ ደግሞ ሰው ሲጠራጠረኝ አልወድም። ታፔላውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ታፔላውን ፈራ ተባ እያለች አየችውና ዝም አለች። ቅርንጫፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ዘንቢሏ ውስጥ ከተትኩላት። «አላህ ይስጥሽ» ብላኝ ሄደች።

አትክልተኛው ከለቅሶ የተመለሰው በዚያው ቀን ነው፣ ወደ አምስት ሰዓት ላይ። አብረን ስንሠራ ሃያ ዓመት አልፎናል፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ሥራ የለውምና አንተ ነው የምለው። ስለ ወንድሙ ጥቂት አወራን። ከዚያ ወደ ታችኛው መደብ ወረደ። ብዙ ቆየ። ሄጄ ሳየው ከሦስተኛው ግንድ ፊት ቆሟል።

«ይቺን ማን ጻፈ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

አንድ ቅጠል ቀንጥሶ አሳየኝ። ከተቀነጠሰበት ቦታ ነጭ ወተት ቀስ ብሎ ወጣ።

«ቀራሩ ነው» አለ። «በሱማሌ ዋበዮ ነው። አንቺ ታውቂው የለም እንዴ? ጎርፍ ቀራሩን አልወሰደም፣ ዶቅማውን ነው የወሰደው።»

ቀራሩ የድሮ አዳኞች ለቀስታቸው መርዝ የሚያፈሉት ዛፍ ነው። መምህር ለብቻው፣ በእሾህ አጥር ከልለው፣ በቀይ ቀለም ታፔላ ተክለውት ነበር። አጥሩና ቀዩ ታፔላ ሲሄዱ ዛፉም አብሮ የሄደ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው፤ «አላውቅም ነበር» ማለት አለመቻሌ።

አትክልተኛው አሁን የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ቦታ እያየ ነበር። «ይህን ማን ቆረጠ?» አለኝ።

ስለ ሴትዮዋ ነገርኩት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የፈራሁት ለሴትዮዋ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ፖሊስ ታየኝ፣ ፍርድ ቤት ታየኝ፣ የእናቴ ፊት ታየኝ። አትክልተኛው ወደ በሩ ሲሮጥ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ታፔላውን በጉጠት ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ነው ተከትዬው የሮጥኩት።

የበሩ ጥበቃ መዝገቡን ገለጠልን። ስሟ ተጽፏል፣ አድራሻዋ «መልካ ጀብዱ» ብቻ። ስልክ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «አራት ሰዓት ላይ ነው የወጣችው» አለን። ስልኬን አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ቀትር ላይ ድሬ ይተኛል። የሚተኛው ይተኛል፣ ጫት ያለው ይቀመጣል፣ መንገዱ ለፀሐዩ ይቀራል። ሦስት ባጃጅ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ሦስቱም ሾፌር የለውም። አራተኛው ውስጥ አንድ ሰው ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል። «ሥራ አቁሜያለሁ አቦ» አለን። አትክልተኛው ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ሰውዬው የያዘውን ጫት መስኮቱ ሥር ሸጎጠና ሞተሩን አስነሣ።

ደቻቱን ስንሻገር ከታች አሸዋው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። እኔ የምቆጥረው ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ወጣች። ታክሲ እስክታገኝ፣ እስክትደርስ ልበል አምስት። እሳት ለማንደድ፣ ውሃ ለመጣድ፣ ለማፍላት፣ ለማብረድ። የምታፈላበትን ጊዜ የቱንም ያህል ባረዝመው ለእኛ መድረሻ አይበቃም። «የፈሩት ይደርሳል» የሚባለው ተረት አፌ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ።

«ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው» አለኝ አትክልተኛው፣ ሳልጠይቀው። «ማገዶ ደግሞ ጠፍቷል። ጎረቤት ትለምናለች። ሴት ጎረቤት ከሄደች ቶሎ አትመለስም።»

ሊያጽናናኝ ነው። ከከተማው ወጥተን መንገዱ ሲያነጥረን የታፔላው ጫፍ ከቦርሳዬ ወጥቶ ክንዱን ወጋው። ጎትቶ አየው።

«ይህን ለምን ይዘሽው መጣሽ?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ታፔላውን መልሶ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባልኝ፣ ዚፑንም ራሱ ዘጋው። ከዚያ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላና ወደ ውጭ ዞርኩ።

መልካ ጀብዱ ስንደርስ ሱቆቹ ተዘግተዋል። ታክሲ ማቆሚያው ላይ የግመል ወተት የሚሸጡ ሁለት ሴቶች ብቻ ጥላ ሥር አሉ። አትክልተኛው በሶማልኛ ጠየቃቸው፤ ቢጫ ድሪያ፣ አረንጓዴ ዘንቢል፣ ባሏ የታመመ። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ በአገጯ ወደ ምዕራብ እያሳየች ተናገረች። እሷ ስትናገር የአትክልተኛው ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ምን አለች?»

«ወደዚያ በኩል ድንኳን ተጥሏል አለች። የሞተ ሽማግሌ አለ።»

ከዚያ እስከ ድንኳኑ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ባጃጁ አሸዋ ያዘውና ወርደን በእግራችን ሮጥን። አትክልተኛው ቀድሞኝ ገባ። እኔ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ፤ ውስጥ ወንዶች ቁርዓን ይቀራሉ። «አምላኬ፣ እሱ አይሁን» አልኩ፤ «ሌላ ሰው ይሁን» ማለቴ ነው። አንድ ቤት ሙሉ እያለቀሰ እኔ ሌላ ሬሣ እመርጣለሁ።

ሌላ ሰው ነበር። ትናንት ነው የሞተው። ደስ አለኝ፣ እዚያው ድንኳን በር ላይ፤ ስለዚያ ደስታ አሁንም አፍራለሁ። ከለቅሶተኞቹ አንዱ የሴትዮዋን ቤት ያውቀዋል፤ ከመስጊዱ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ነው አለን።

በሩ ክፍት ነበር። ግቢው ውስጥ ሦስት ድንጋይ፣ የከሰመ ፍም፣ ከፍሙ ወርዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ድስት። ባሏ ከጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እያየን ነው። እሷ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ በጣሳ የያዘችውን ነገር እፍ እፍ ትላለች። አትክልተኛው በሶማልኛ አንድ ቃል ጮኸ። ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

«ጠጥቷል?» አልኳት፣ ትከሻዋን ይዤ። «ኢዶ፣ ቀምሷል ወይ?»

«አልጠጣም። ገና ትኩስ ነው» አለች።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አትክልተኛው ድስቱን ተሸክሞ ከግቢው ወጣ፤ ፍየል የማይደርስበት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ ደፋው፣ ድስቱን ሰባብሮ፣ ጣሳውን ጨፍልቆ አብሮ ቀበረው፣ የቀረውን ቅርንጫፍ አቃጠለው። «ሳቃጥል ጭሱን እንዳትጠጉ» እያለ ሁላችንንም ወደ ውስጥ አስገባን። ሽማግሌው ምን እንደሆነ አልገባውም። «ውሃ ስጡኝ» ብቻ ይላል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ባጃጁን ከአሸዋው አውጥተን ለሦስት ሆነን አቅፈን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሰውነቱ የውሃ ያለህ ይላል ብለው ጉሉኮስ ተከሉለት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑ ቦታው ተመለሰ።

አትክልተኛው አጠገቡ ቀረ። እኔና ሴትዮዋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቅጠሉ ምን እንደነበር ልነግራት፣ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ዋበዮ ነው አይደል?» አለችኝ።

አትክልተኛው የጮኸው ቃል እሱ ነበርና ከዚያ የሰማችው መሰለኝ። «አዎ፣ ኢዶ። የእኔ ጥፋት ነው» አልኳት።

«እዚያው ሳየው ዋበዮ መስሎኝ ነበር» አለች። «አባቴ ከብት ሲጠብቅ በሩቁ ነበር የሚያሳየኝ። ቅጠሉ እንደዚሁ ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። በአማርኛ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት፤ ደገመችልኝ።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽው? ለምን አፈላሽው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ማለቱን የሰማሁት በኋላ ነው።

«ተጽፏል አልሽኝ» አለች፣ ቀስ ብላ፤ እኔን ለመውቀስ ሳይሆን እንዲገባኝ። «እኔ ያየሁት በዓይኔ ብቻ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የጻፈው የተማረ ነው። ምናልባት የእኔ ዓይን አርጅቶ ይሆናል አልኩ። ምናልባት በዴሳ የሚባለው ከዋበዮ ጋር ይመሳሰል ይሆናል።»

«እና ዝም ብለሽ ልትሰጪው ነበር?»

ዞር ብላ አየችኝ። የተከፋች መሰለኝ።

«ለእሱ?» አለች። «ለታመመ ሰው የማታውቂውን አትሰጪም። ያ ጣሳ የእኔ ነበር። እኔ ጠጥቼ እስከ አስር ሰዓት ልጠብቅ ነበር። በዴሳ ከሆነ እሱ ይጠጣና ይድናል። ዋበዮ ከሆነም ጎረቤቴ ሞቼ ታገኘኛለች፣ ቅጠሉን ትጥለዋለች። ለእሷ ነግሬያታለሁ።»

ልጅ ሳለች ከከብት ጠባቂ አባቷ የተማረችውን፣ ሃምሳ ዓመት ያወቀችውን፣ የእኔ አንድ ቆርቆሮ አስጥሏታል፤ እሷም ከእኔ ጽሑፍ ጋር ከምትከራከር ብትሞት መርጣለች። የድሮዎቹ መሬት ረግጠው ይከራከሩን ነበር። ይህችኛዋን ዝም ያሰኘናት እኛ ነን፣ እኔ ነኝ። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። እሷ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «ሳቢር፣ ሳቢር፣ ታገሺ» ትለኛለች፤ ልትሞት የነበረችው እሷ እኔን ታጽናናኛለች።

ማልቀሴን ስጨርስ ተነሣች። ከጤና ጣቢያው አጥር አንድ ቅጠል ቆረጠችና አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ተራ ቅጠል ነው፤ በየቀኑ የማየው፣ ስሙን ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ የምናገረው።

«ይሄኛውስ?» አለችኝ። «ይሄ ምን ይባላል? አንቺ ከነገርሽኝ አምናለሁ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ልነግራት ግን ፈራሁ።